ቁስል ይዞ ማስረጃ ፍለጋ

አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት ላይ ጎላጎል ሕንፃን አልፎ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ሰው የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶቹን ሳያይ አያልፍም። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ ፋታ የማይሰጥ ፕሪንተር። በሩ ላይ «ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ እንጽፋለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ድሮ በየፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጠው በእጅ ይጽፉ የነበሩት ራፖር ጸሐፊዎች ሥራ ዛሬ እነዚህ ክፍሎች ውስጥ ገብቷል። የኪራይ ውል የሚያጽፍ፣ የቪዛ ፎርም የሚያስሞላ፣ ለሥራ የሚወዳደር ወጣት ይሰለፋል። አልፎ አልፎ ደግሞ በክራንች ተደግፎ፣ ወረቀት የታጨቀበት ፌስታል በብብቱ ይዞ የሚገባ ጎልማሳ አለ።

እንዲህ ካሉት አንዱ በቅርቡ ወረፋው ላይ ከፊቴ ነበር። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም፤ የሱሪውን እግር አጥፎ በመርፌ ቁልፍ ይዞታል። የምትጽፍለት ልጅ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ጉዳዩ ላይ ምን ልበል?»

«የጉዳት አበል ስለመጠየቅ በይው። ቆይ፣ አይሆንም፤ ባለፈውም እሱን ብዬ ነው የመለሱኝ። ይግባኝ በይው።»

«የቆሰሉበትን ቀን ያውቁታል?»

«ቀኑንማ እንዴት እረሳዋለሁ እህቴ? ወረቀቱ ነው የጠፋው።»

ታሪኩ ረጅም አይደለም። መጋቢት 1991 በባድመው ጦርነት ጾረና ግንባር ላይ ፍንጣሪ እግሩ ውስጥ ገባ። የግንባር ሐኪም ቁስሉን አጥቦ ጠቀለለለት፤ ሲሻለው ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ጦርነቱ ሲያበቃ በቅነሳ ወጣ። በሐኪሞች ቦርድ አልተሰናበተም፤ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። አጥንቱ ውስጥ የቀረው ፍንጣሪ ከዓመታት በኋላ አመረቀዘ፤ እግሩም ተቆረጠ። አሁን አበል ሲጠይቅ ጉዳቱ በግዳጅ ላይ ለመድረሱ ከክፍሉ ደብዳቤ፣ ያን ጊዜ ለመታከሙም የሕክምና ማስረጃ አምጣ ተብሏል። የነበረበት ክፍል እንደገና ተደራጅቶ ስሙ ተቀይሯል። አዛዡ በሕይወት የለም። የግንባሩ ሐኪም ማስታወሻ የት እንደገባ የሚነግረው ሰው አላገኘም።

ይህ ሰው ይገባዋል ወይም አይገባውም ብዬ ለመፍረድ አልተነሣሁም፤ የአንድን ወገን ቃል ሰምቶ መፍረድ አይቻልም። ትኩረቴን የሳበው የተጠየቀው ማስረጃ ዓይነት ነው። ወታደሩ የት እንደዘመተ የሚያውቀው መንግሥት ነው። የላከው፣ ሲቆስል ያከመው፣ ስሙን መዝግቦ ደመወዝ የከፈለው፣ መጨረሻ ላይ የቀነሰውም መንግሥት ነው። ከእነዚህ ሥራዎች እያንዳንዳቸው የሆነ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል፤ መዝገቡም ያለው በመንግሥት እጅ ነው። ሆኖም ወረቀቱን ከአንዱ የመንግሥት ቢሮ ወደ ሌላው የመንግሥት ቢሮ እንዲያመላልስ የተፈረደበት አንድ እግር ያለው ሰው ነው።

ሕጉ ምን ይላል? ወታደርን በጡረታ ሕግ ማቀፍ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በድንጋጌ ቁጥር 46/1953 ተጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ሲጸና ጀምሮ የሲቪሉም የጦሩም ሰው በአንድ ጥላ ሥር ነው። በኋላ ብዙ ማሻሻያ አለፈ። በ2003 አዋጅ ቁጥር 714 ወጣ፤ በ2014 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተካ። የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤትም ስሙን እየቀያየረ ዛሬ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ይባላል። ሰዉ ግን አሁንም «ጡረታ» ብቻ ነው የሚለው።

አዋጅ 714 ለመዋጮ ያስቀመጠው ልክ አንድ ነገር ይናገራል። ሲቪል ሠራተኛም ሆነ ወታደር ከደመወዙ የሚቆረጠው 7 በመቶ ነው። አሠሪው መንግሥት የሚጨምረው ግን ለሲቪሉ 11 በመቶ ሲሆን ለመከላከያና ለፖሊስ አባል 25 በመቶ ነው። ልዩነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ወታደር ቶሎ እንደሚቆስል፣ ቶሎ እንደሚሞት፣ ቶሎም ከሥራ እንደሚወጣ ሕግ አውጪው ያውቃል፤ ለዚያም አስቀድሞ ገንዘብ አስቀምጧል። ስለዚህ የተጎዳ ወታደር የጉዳት አበል ሲጠይቅ አዲስ ችሮታ እየለመነ አይደለም፤ በስሙ ሲጠራቀም የኖረ ገንዘብ እየጠየቀ ነው። ይህን የመስኮቱ ሠራተኛ ቢያስታውሰው የድምፁ ቃና ራሱ ይለወጥ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስሌቱን በቁጥር ላሳይ። ቀመሩ ከመተካቱ በፊት የነበረው የ714 ነው። በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት ሥራ መሥራት የማይችል ሰው ይከፈለው ከነበረው መደበኛ ደመወዝ 47 በመቶውን በየወሩ ዕድሜ ልኩን ያገኛል። ደመወዙ 4,000 ብር ከነበረ አበሉ 1,880 ብር ይሆናል ማለት ነው። ጉዳቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ መሥራት የሚችል ከሆነ ደግሞ ወርኃዊ አበል ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው የሚሰጠው፤ የደመወዙ 47 በመቶ በ60 ተባዝቶ፣ ውጤቱ በጉዳቱ መቶኛ ይባዛል። የእኛው ባለ 4,000 ብር ወታደር ጉዳቱ 30 በመቶ ቢባል 33,840 ብር ይወስዳል። 20 በመቶ ቢባል 22,560 ብር። 9 በመቶ ቢባል ምንም።

እነዚህን ቁጥሮች ደግሞ ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል። «መሥራት ይችላል» እና «መሥራት አይችልም» በሚሉት ሁለት ሐረጎች መካከል ያለው ልዩነት ዕድሜ ልክ በሚከፈል አበልና አንድ ጊዜ ተቆጥሮ በሚያልቅ ገንዘብ መካከል ያለ ልዩነት ነው። 9 እና 10 መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ የባዶ እጅና የሺዎች ብር ልዩነት ነው። ይህን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው። ወታደሮቹ «ቦርድ ወጣሁ» ሲሉ የሚናገሩት ስለዚህ ነው፤ ሲገናኙም አንዱ ሌላውን የሚጠይቀው «ስንት ፐርሰንት ሰጡህ?» ብሎ ነው። ቦርዱ ፊት የሚቀርበው ሰው የሚያሳልፈው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚከተለው ግን የቀረው ዕድሜው ነው። ታዲያ ያ ሰው መቶኛው በምን መለኪያ እንደተሰጠው የሚገልጽ ወረቀት በእጁ ይዞ መውጣት አይገባውም? ብዙዎቹ የሚያውቁት ቁጥሩን ብቻ ነው። ከየት እንደመጣ አልተነገራቸውም።

እጅና እግርስ ይቆጠራል፤ የማይቆጠረው ይብሳል። የመድፍ ድምፅ የደነቆረው ጆሮ በመሣሪያ ይለካል እንበል። ሌሊት ሌሊት እየጮኸ የሚነሣው፣ የበር መንኳኳት የሚያስደነግጠው፣ ከሰው መሐል መቀመጥ ያቃተውስ? እዚሁ ሃያ ሁለት አውቶቡስ መጠበቂያ ላይ የቀድሞ የደንብ ልብስ ቅዳጅ ለብሶ ለማይታይ ጦር ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ያላየ አለ? እኛ «አእምሮውን ነክቶታል» ብለን እናልፋለን። የጦርነት ድንጋጤ በአእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በዓለም ላይ ራሱን የቻለ ሕመም ተብሎ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መዝገብ የተጻፈው በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የቬትናም ዘማቾች ከተመለሱ በኋላ ነው። እኛ ጋ ይህ ዓይነቱ ሰው ሕመሙ ከግዳጅ የመጣ መሆኑ ካልተረጋገጠለት ጉዳዩ እንደ ተራ የጤና ጉድለት ይታያል፤ 10 ዓመት ካላገለገለም በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሰናበታል። በ19 ዓመቱ ገብቶ በ24 ዓመቱ የታመመ ልጅ 10 ዓመት ከየት ያመጣል? ሕመሙ እንዴት እንደጀመረ አስረዳ ቢባልስ ያ አእምሮ እንዴት ብሎ ያስረዳል?

የአገራችን ታሪክ ለጦር ጉዳተኛ ፈጽሞ ደንታ ያልነበረው አይደለም። ችግሩ እንክብካቤው በዘመንና በሞገስ መንጠልጠሉ ነው። ማራቶን ሯጩን ሻምበል አበበ ቢቂላን እንውሰድ። የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። መጋቢት 1961 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሲሆን ንጉሠ ነገሥቱ እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ላኩት። ያ ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳተኞች ክፍሉን የከፈተው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለቆሰሉ ወታደሮች ነበር፤ የዛሬው የፓራሊምፒክ ጨዋታ የተወለደውም እዚያው ግቢ ነው። አበበ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት እየወረወረ ተወዳድሯል። ሁላችንም የምንኮራበት ታሪክ ነው። ግን አበበ የሄደው አበበ ስለሆነ ነው። ስሙን ቤተ መንግሥቱ የማያውቀው ወታደር በዚያው ዓመት ወገቡ ቢሰበር ኖሮ ስቶክ ማንደቪልን በካርታም አያያትም ነበር።

ኮሪያ የዘመተውን የቃኘውን ሠራዊት አስቡ። በተለያዩ ዙሮች በድምሩ ከ6,000 በላይ ሰው ሄዷል፤ ከ120 በላይ ወድቋል፤ ከ500 በላይ ቆስሏል። ከተመለሱ በኋላ ዘመን ተለወጠ። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ተወዳጅቶ ስለነበር ለደቡብ መዋጋታቸው የሚያስመሰግን ነገር መሆኑ ቀረ። በስተርጅና ዕድሜያቸው የረዳቸውና የልጅ ልጆቻቸውን ያስተማረላቸው በአብዛኛው የተዋጉላት አገር ናት። የሰው አገር ማስታወሷ ጥሩ ነው፤ እኛን ግን ትንሽ ሊያሳፍረን ይገባል።

ደርግ ራሱ በሶማሊያ ጦርነትና በሰሜኑ ውጊያ ለተጎዱት ማዕከል፣ ለሙታን ልጆች ደግሞ አላጌ ላይ የሕፃናት አምባን አቋቁሞ ነበር። መንግሥት ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። በ1983 የተሸነፈው ሠራዊት ወደ 450 ሺህ ገደማ ሰው ነበር። እሱን የሚበትንና የሚያቋቁም የቀድሞው ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ኮሚሽን በዚያው ክረምት ተመሠረተ። ያን ያህል ሰው በወራት ውስጥ ወደየቤቱ መመለሱ በዓለም ደረጃ የተጠና ሥራ ሆኗል። ነገር ግን ለአሸናፊው የሚያዝነው ልብና ለተሸናፊው የሚያዝነው ልብ እኩል አልነበረም። የመቀሌው የአካል ጉዳተኛ ታጋዮች ማኅበር ሰው ሠራሽ እግር የሚያመርት ማዕከል ሲኖረው፣ የቀድሞው ሠራዊት ጉዳተኛ አዲስ አበባ መንገድ ላይ እጁን ይዘረጋ ነበር። ከባድመው ጦርነት በኋላም በዓለም ባንክ ብድር ወደ 150 ሺህ የሚጠጋ ወታደር ተቀንሶ ተቋቁሟል። የእኛ ጾረና ዘማች የወጣው በዚያ በር ነው። የማቋቋሚያ ገንዘብ ተሰጠው፣ ፈረመ፣ ሄደ። የዚያን ዕለት እግሩ ገና ነበረ።

በእኔ እምነት ትልቁ ክፍተት ይህ ነው። በአገራችን አንድ ጦርነት ሲያበቃ አንድ ኮሚሽን ይቋቋማል፣ ገንዘብ ይመደባል፣ ሰው ይመዘገባል፣ ይሸኛል፣ ኮሚሽኑም ይዘጋል። ቁስል ግን በፕሮጀክት ዘመን አያልቅም። ፍንጣሪ ከ15 ዓመት በኋላ ሊያመረቅዝ ይችላል። ኮሚሽኑ ሲዘጋ ማኅደሮቹ የት ይገባሉ? ለማን ይተላለፋሉ? ከዚያ በኋላ አንድ ሰው «ያን ጊዜ ስወጣ ፍንጣሪው ውስጤ ነበር» ቢል የሚመልስለት ማን ነው?

ጥያቄው ያለፈ ታሪክ አይደለም። ጥቅምት 24 ቀን 2013 የጀመረው ጦርነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲገታ ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ በሰባት ክልሎች 371,971 የቀድሞ ተዋጊዎችን መልሶ ለማቋቋም ዕቅድ ይዟል። በቁጥሩ ውስጥ ብዙ ጉዳተኛ አለ። ከእነርሱ ውጭ ደግሞ በመከላከያ አባልነቱ የተጎዳ፣ በክልል ልዩ ኃይል የነበረ፣ ጠመንጃውን ይዞ ከመንደሩ የተከተለ ሚሊሻ አለ። የጡረታ ሕጉ የሚያውቀው ደመወዝ ተከፍሎት መዋጮ የተቆረጠለትን ነው። ሚሊሻው ማኅደር የለውም፤ ያለው የቀበሌ ደብዳቤና ጠባሳ ነው። ዛሬ በጥንቃቄ ካልተመዘገበ ከ20 ዓመት በኋላ እዚሁ ሃያ ሁለት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ቆሞ «ወረቀቱ ነው የጠፋው» የሚለው እሱ ነው።

የቢሮዎቹን ወገንም ልናገር፤ ፍትሕ ነው። የውሸት ማስረጃ አለ። በመጠጥ ቤት ጠብ የተወጋ «በግንባር ቆሰልኩ» ብሎ የሚመጣ አለ። ማኅተም የሚቀርጽ፣ ቲተር የሚያሠራ ደላላም አይጠፋም። ፈንዱ የሠራተኛው ሁሉ ላብ ስለሆነ በጥንቃቄ መያዙ ግዴታ ነው። አንድ የጡረታ ባለሙያ «የማይገባውን ብከፍል እኔ እጠየቃለሁ፤ የሚገባውን ብከለክል ግን ማንም አይጠይቀኝም» ሲል ሰምቼዋለሁ። ሐቁን ነው የተናገረው፤ ሥርዓቱም የተሠራው እንዲሁ ነው። መከልከል አያስጠይቅም። ይህ ካልተለወጠ በመስኮቱ በኩል የሚቀመጠው ሰው ቅን ቢሆንም መልሱ «ማስረጃ አሟላ» ከማለት አያልፍም።

ሌላ አገርስ እንዴት ነው? አሜሪካ በሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች መካከል የዚያችን አገር ጦር ዩኒፎርም ለብሰው ያገለገሉ ስላሉ ወሬው ወደ እኛም ይደርሳል። እዚያም ጉዳት በመቶኛ ይሰላል፤ እዚያም ወረፋው ያማርራል፤ ውሳኔውም ይዘገያል። ከዚያ ሥርዓት ውስጥ ግን ሁለት ነገሮች ያስቀናሉ። አንደኛ፣ የዘማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ አመልካቹን በማስረጃ ፍለጋ የመርዳት ግዴታ በሕግ ተጥሎበታል፤ የአገልግሎቱንና የሕክምናውን መዝገብ ከሌላው የመንግሥት ክፍል የሚያስመጣው ራሱ ነው። ሁለተኛ፣ የሚደግፈውና የሚቃወመው ማስረጃ ሚዛን ላይ ሲተካከል ጥርጣሬው ለአመልካቹ ጥቅም ይተረጎማል። ያልተስማማ ሰው አንድ ዓመት ጊዜ አለው፤ አዲስ ማስረጃ ማቅረብ፣ በበላይ ኃላፊ እንዲታይለት መጠየቅ ወይም ወደ ይግባኝ ቦርድ መሄድ ይችላል። ለዚህ ሁሉ ያለ ክፍያ የሚረዱት የዘማቾች ማኅበራት አሉ። በ2014 ነሐሴ ደግሞ በጦር ሰፈር የሚቃጠል ቆሻሻ ጭስ ለተነፈሱ ዘማቾች የተዘረዘሩት ሕመሞች ከአገልግሎት እንደመጡ እንዲቆጠሩላቸው ሕግ ወጣ፤ ሰውየው የትኛው ጭስ እንዳሳመመው እንዲያስረዳ አይጠየቅም።

«አሜሪካ ሀብታም ናት» የሚል መልስ ይመጣል። ነች። ግን ከላይ ካልኳቸው ሁለቱ ነገሮች የትኛው ነው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀው? ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ ደብዳቤ መጻፍ? እዚህ አገር በፋይዳ መታወቂያ ቁጥር የባንክ ሒሳብ መክፈት ከተቻለ፣ የአንድን ወታደር የአገልግሎት ዘመን ከመከላከያ መዝገብ ቤት ጠይቆ ማወቅ የሚያቅት ነገር አይመስለኝም።

ወደ ይግባኙ ልምጣ። በማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደሩ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ አለለት። በጉባኤው ውሳኔ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ የሚል ደግሞ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት መድረስ ይችላል። በሰበር የታተሙት ቅጾች ውስጥ የጡረታ ጉዳዮች አሉ፤ ያሸነፉ ሰዎችም አሉ። ስለዚህ መንገዱ ዝግ ነው ማለት አይቻልም። ችግሩ ሰዉ በሩን ሳያገኘው ጊዜው የሚያልፍበት መሆኑ ነው። ለአብዛኛው ጉዳተኛ የሚነገረው በቃል ነው፦ «አይሆንም»፣ «ቅጹ አልተሟላም»፣ «ሌላ ጊዜ ና»። በቃል በተነገረ ነገር ላይ ይግባኝ አይባልም። ሰውየው ለወራት እየተመላለሰ አለቃ ሲለማመጥ የይግባኙ ጊዜ ይነጉዳል፤ ወይም ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር ራሱ ያከራክራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ጥሩ መሣሪያ አለ። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በዜጋ መብት ላይ ሲወስን ሰውየውን እንዲሰማ፣ ውሳኔውን ከነምክንያቱ እንዲገልጽ ያስገድደዋል። «ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም» ብቻ የሚል አንድ መስመር ደብዳቤ ምክንያት አይባልም። የትኛው ሰነድ ጎደለ? ከየትኛው አንቀጽ ጋር ተጋጨ? የቀረበው ማስረጃ ለምን አልታመነም? እነዚህ ካልተጻፉ ይግባኝ ሰሚው ራሱ ምን ሊመረምር ነው? ያ የሃያ ሁለቱ ሰው ከፌስታሉ አውጥቶ ለልጅቱ ያሳያት የቀድሞ መልስ ማኅተሙን ጨምሮ ከአራት መስመር አይበልጥም ነበር። ልጅቱ ደጋግማ አነበበችው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለምን እንደከለከሉዎት አይልም» አለችው። ሕግ አልተማረችም፤ ግን ከብዙ ማመልከቻ ጽሕፈት የተነሣ ዋናውን ጉድለት ወዲያው ለይታዋለች።

የደረጃውን ነገር ደግሞ ሳልናገረው አላልፍም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድና ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። በቦሌም በሃያ ሁለትም የቆሙት አዳዲሶቹ ሕንፃዎች መስተዋታቸው ያብረቀርቃል። ሊፍታቸው ግን መብራት ሲጠፋ፣ ሲበላሽ ወይም «ለባለሥልጣን ብቻ» ሲባል የጉዳተኛው ፋይል ያለው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የመከላከያ ሠራዊት በዓል ሲደርስ ጉዳተኛውን ከፊት አስቀምጠን አበባ እናበረክታለን፤ ፎቶ እንነሣለን። በሥራ ቀን እዚያው ሕንፃ ሥር ቆሞ «እባክህ ፋይሌን አውርድልኝ» ብሎ ተላላኪ የሚለምነው ያው ሰው ነው።

የሟች ቤተሰብም ነገር ከዚህ አይለይም። አዋጅ 714 ለሚስት ከአበሉ 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ መድቧል። ወረቀቱ ላይ ግልጽ ነው። ነገር ግን ወታደሩ ሲዘምት በቅጹ ላይ ሚስቱን ካላስመዘገበ፣ ወይም ጋብቻው በሽማግሌ ብቻ ከሆነ፣ ሴቲቱ ሐዘኗን ሳትጨርስ ፍርድ ቤት ሄዳ ምስክር ማሰማት አለባት። ወታደር የሕይወት ታሪክ ቅጹን በየጊዜው እንዲያድስ ማድረግ የክፍሉ የሰው ኃይል ሥራ ነው። ከግንባር በፊት አንድ ቀን ለዚህ ቢውል ለስንት መበለት ስንት ወር ያድናል!

ለማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደሩና ለመከላከያ ሚኒስቴር ያለኝ ጥያቄ አጭር ነው። ከወታደሩ ጋር የተያያዘ ሰነድ መንግሥት ዘንድ ካለ መንግሥት ራሱ ያምጣው። ሰነዱ በመንግሥት እጅ ጠፍቶ ከሆነ የጠፋበት ቅጣት በጉዳተኛው ላይ አይውደቅ፤ የዘማች ጓደኞቹ ምስክርነትና የሐኪም ምርመራ ተመዝኖ ጥርጣሬው ለእሱ ይተርጎም። የሐኪሞች ቦርድ መቶኛውን ሲሰጥ ምክንያቱን ጽፎ ለባለጉዳዩ ይስጥ። ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽንም ሥራውን ሲያጠናቅቅ መዝገቦቹን ለማን እንደሚያስረክብ ከአሁኑ በግልጽ ይናገር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ጉዳተኞችን ለማቋቋም እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዛል። አቅም የሚባለው ነገር ደግሞ ብር ብቻ አይደለም፤ መዝገብ ቤትን ማስተካከልም አቅም ነው።

ይህን ለሚያነብ ጉዳተኛ ወይም የጉዳተኛ ቤተሰብ ደግሞ እንዲህ እላለሁ። ማመልከቻችሁን ስታስገቡ በቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመቱበት። «አይሆንም» ስትባሉ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ ስጡኝ በሉ፤ አዋጅ 1183ን ጥቀሱ። ደብዳቤው የደረሳችሁን ቀን ጻፉ፤ ይግባኙ የሚቆጠረው ከዚያ ነውና ሽማግሌ ስትልኩና አለቃ ስትለማመጡ አይለፍባችሁ። አብረዋችሁ የዘመቱት በሕይወት እያሉ ቃላቸውን አስጽፉ። ዋናውን ሰነድ ለማንም አትስጡ። የአስተዳደር በደል ከሆነም የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ የሚቀበለው ያለ ክፍያ ነው።